መልስ፦ ልኩ እኩል ሆኖ አንዱ ቡና ለምን እንቅልፍ ይነሳል?

የስታርባክስ ቡና መራራ እንደሆነብዎትና እንቅልፍ እንደሚነሳዎት ገልጸው፣ ምክንያቱ የቡናው ፍሬ ዓይነት ይሆን ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ከማክዶናልድስ የሚገዙት ቡና ምንም ሳያደርግዎት፣ በልክ እኩል የሆነው የስታርባክስ ቡና እስከ እኩለ ሌሊት ዓይንዎን የሚያፈጥጠው በካፌይን፣ ማለትም በቡና ውስጥ ባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ልዩነት ምክንያት ነው። በአሜሪካ የማክዶናልድስ መካከለኛ ብርጭቆ ወደ 145 ሚሊግራም ካፌይን ሲኖረው፣ በስታርባክስ «ግራንዴ» የሚባለው ባለ 16 አውንስ (ግማሽ ሊትር ገደማ) ተራ ጥቁር ቡና ግን ከ300 ሚሊግራም በላይ ይይዛል። ከሰዓት በኋላ የሚጠጡ ከሆነ፣ በሰሌዳው ላይ ባይጻፍም፣ «ሾርት» የሚባለውን ባለ 8 አውንስ ይዘዙ፤ ካፌይኑን ወደ ግማሽ ያወርድልዎታል።

እንደጠረጠሩት የፍሬው ዓይነት አይደለም፤ ሁለቱም አረቢካ የተባለውን የቡና ዝርያ ይጠቀማሉ። ያማረረዎት ጣዕም የመጣው ጠቆር ተደርጎ ከመቆላቱ ነው፣ ጠቆር ያለ ቡና ደግሞ በካፌይን አይበልጥም። ስለዚህ «ብሎንድ» የተባለውን ገርጣ ያለ ቡና ቢመርጡ ምሬቱ ይቀንስልዎታል እንጂ እንቅልፍ አይመልስልዎትም፤ እንዲያውም በካፌይን ይበልጣል። በትንሿ ሲኒ አቦል ጠጥቶ መተኛት የለመደ ሰው ይህን ሁሉ ቡና አቅልሎ ቢያይ አይገርምም።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በመኪና መስኮት በኩል ሲያዝዙ «ጥቁር፣ ያለ ስኳር» ብለው ካልተናገሩ፣ አንዳንድ ቤቶች ክሬምና ስኳሩን ራሳቸው ጨምረው ይሰጣሉ። እኔ በዐቢይ ጾም «ቡና» ብቻ ብዬ አዝዤ፣ ክሬም የገባበት መሆኑን ያወቅሁት አውራ ጎዳናው ላይ ከወጣሁ በኋላ ነበር።