ፖትላች የተጠራችሁ እንደሆነ

ቫንኩቨርና ሲያትል ያላችሁ ወገኖች፣ በሥራም ሆነ በጋብቻ በካናዳ ምዕራብ ጠረፍ ከሚኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ ከክዋክዋከዋክ ሰዎች ጋር ተዋውቃችሁ፣ አለርት ቤይ በምትባለው የደሴት መንደር ለፖትላች፣ ማለትም ባለድግሱ ለእንግዶቹ ስጦታ ለሚያድልበት ባህላዊ ድግስ ከተጠራችሁ አትቅሩ። ከፖርት ማክኒል ጀልባው አንድ ሰዓት አይፈጅም። ጭፈራው ግን ሌሊቱን ሊዘልቅ ስለሚችል ማደሪያ አስቀድማችሁ ያዙ።

ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በሙት ለቅሶ ዜማ ነው፤ ያኔ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ቀጥሎ ቀይ ልጥ የሚታሰርበት ጭፈራ ይመጣል። ልጡ የዝግባ ነው፤ የሚቀላው ኦልደር በሚባል ዛፍ ቅርፊት ተነክሮ ነው። የትልልቆቹን የወፍ ጭንብሎች ምንቃር የሚያንቋቋው ጨፋሪው ራሱ ነው፤ ከውስጥ ገመድ ይስባል።

የሰላም ጭፈራው ሲደርስ ዓይናችሁን ከአክሊሉ አትንቀሉ። ግንባር ላይ ዙሪያውን አባሎን የሚባል የባሕር እንስሳ አብረቅራቂ ዛጎል የተለበጠበት የእንጨት ቅርጽ አለ። ከበላዩ የባሕር አንበሳ ጢም ቀጥ ብሎ ተሰክቷል፤ ከኋላ ኧርሚን የሚባል ትንሽ አውሬ ነጭ ቆዳ ጀርባ ላይ ይወርዳል። በጢሙ መሃል የተሞላው የንስር ለስላሳ ላባ ጨፋሪው ራሱን በነቀነቀ ቁጥር እየበነነ ቤቱን ይሞላዋል፤ የሰላም ምልክት ነው።

አክሊሉም ዜማውም የቤተሰብ ርስት ነው፤ በውርስ ወይም በጋብቻ ይተላለፋል። የአንበሳ ጎፈር ማንም ተነሥቶ እንደማይደፋው ሁሉ፣ «እስቲ ልሞክረው» ማለት ነውር ነው። ፎቶም ባለድግሱን ሳትጠይቁ አታንሡ። የካናዳ መንግሥት ፖትላችን ከ1885 እስከ 1951 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክሎ ነበር፤ ዳን ክራንመር የተባለ የእነሱ ሰው በ1921 ከደገሰው ፖትላች በኋላ ሰዎች ታስረው ጭንብልና አክሊላቸው ተወስዷል። ከተመለሰው ብዙው ዛሬ እዚያው አለርት ቤይ፣ በ1980 በተከፈተው ኡሚስታ በተባለው የባህል ማዕከል ይታያል። የመቅደላ ታቦታት ነገር ለሚያንገበግበን ለእኛ ይህ ሐዘን ሩቅ አይደለም።

ስጦታ ሲታደል እንደኛ አገር ይሉኝታ «ኧረ ግድ የለም» አትበሉ። እንግዳው ምስክር ነው፤ ስጦታው የምስክርነቱ ክፍያ ስለሆነ አለመቀበል ባለድግሱን ያሳፍራል።

ለሽያጭ የተሠራ ጭንብል መግዛት ይቻላል። ከቀራጩ ከራሱ ግዙ፤ ስሙንና የተሠራበትን ዕቃ በዝርዝር የያዘ ደረሰኝ ተቀበሉ። የንስር ላባ ወይም የባሕር አንበሳ ጢም ካለበት ያለ ፈቃድ ወደ አሜሪካ ማስገባት አይቻልም፤ ድንበር ላይ ይወረሳል። ቤት ስትሰቅሉትም ከማሞቂያ አርቁት፤ እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር ዛጎሉ አብሮት ስለማይኮማተር ተላቅቆ ይወድቃል።