ውሃው በየት በኩል ነው የገባው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮተቤ ያለውን የብሎኬት ቤታችንን ወላጆቼ ያሠሩት በ1970ዎቹ ነው። መስኮቶቹ ብረት ናቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር በመንገዱ በኩል ያሉት ሁለቱ ውሃ ያስገባሉ፤ ወለሉ ላይ ጨርቅ ሳላነጥፍ አልተኛም። አንድ የአልሙኒየም ሠራተኛ አይቶ «ስድስቱም ይቀየሩ» አለኝ። እናቴ ደግሞ «ብረቱ ምን ሆነ? ቀለም ቀብተሽ ተይው» ትላለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እንደምን ነሽ ልጄ። ለጊዜው ሁለቱንም ተያቸውና ውሃውን ጠይቂው። ዝናብ በሌለበት ቀን አንድ ሰው ከውጭ በጆግ ውሃ ያፍስስ፣ አንቺ ከውስጥ ሆነሽ ተመልከቺ። መጀመሪያ ደፉ ላይ ብቻ (መስኮቱ ከታች የሚያርፍበት ጠርዝ ነው)፣ ቆየት ብሎ በጎንና በጎን፣ በመጨረሻ ከላይ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ስለሚያዳርስ በየት እንደገባ አይለይም።

ደፉ ላይ ሲፈስ ከገባ ጥፋቱ የመስኮቱ አይደለም። በድሮ ቤቶች ደፉ ዝርግ ነው፣ አንዳንዴም ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የወርቅ መስኮት ብታስገቢበትም ማፍሰሱን አይተውም። ግንበኛ ወደ ውጭ አዘንብሎ ይለስነው፣ ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ያድርገው፣ ከሥሩም ውሃው ተመልሶ ግድግዳውን እንዳይከተል ጭረት ያውጣለት።

በመስታወቱ ዙሪያ ከገባ ደግሞ መስታወቱን ከብረቱ ጋር የያዘው ስቱኮ ደርቆ ተሰንጥቋል ማለት ነው። የታችኛውን የብረቱን ጥግ በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አድርጊው። ካልበሳው እናትሽ ልክ ናቸው፦ ዝገቱ ይፋቅ፣ አንቲረስት የሚባለው የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ፣ አዲስ ስቱኮ ይግባ። ከበሳው ይቀየር። ግን የሚያፈሱት ሁለት ሆነው ሳለ ስድስቱን ያስባለው ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ወይም ገብቶኛል።

እኔ ዕድሜዬን በብየዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይኸው እኔም በገዛ ቤቴ ተሸውጃለሁ። አልሙኒየም ሳስገባ ልኩን የወሰዱት ከታች ብቻ ነበር። ክፍተቱ ላይኛው ጋ በ2 ሳንቲ ጠቦ ተገኘ! ግድግዳው ተፈለፈለ፣ ሲሚንቶ ተለቀለቀ፤ አልሙኒየሙ ላይ የተለጠፈውን መከላከያ ላስቲክ አስቀድመው ልጠውት ስለነበር እርጥቡ ሲሚንቶ አልሙኒየሙን በላው፣ ነጩ ምልክት እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ ስፋቱ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ይለካ፤ ቁመቱም እንዲሁ ሦስት ቦታ። ትንሹ ተይዞ በየጎኑ 5 ሚሊ ያህል ይቀነስለት፤ አልሙኒየም በፀሐይ ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ መተንፈሻ ይፈልጋል። ከጥግ ወደ ጥግም በሁለቱም አቅጣጫ ይለካ፤ ልኩ ከተለያየ ክፍተቱ ዘሟል።

በመስኮቱና በግድግዳው መካከል የሚቀረውን ቀዳዳ የሚሞላው ሲልከን ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተሽ መልሺው። እሱ ሲሚንቶን በደንብ አይዝም፣ ብረትም ይጎዳል። የማይሸተው አለ፣ ትንሽ ይወደዳል። ደግሞ ተንሸራታች መስኮት ከመረጥሽ በታችኛው ሐዲድ የውጭ ገጽ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች መኖራቸውን እዪ። የገባ ውሃ የሚወጣው በእነሱ ነው። የኔዎቹ ሠራተኞች «ጌታዬ፣ እንዲያምር» ብለው በሲልከን ደፈኗቸው፣ በሐምሌ ሐዲዱ ሞልቶ ሶፋዬ ላይ ፈሰሰ።

ድርብ መስታወት እንዳያባብሉሽ። ለአዲስ አበባ ብርድ ነጠላው ይበቃል፤ የመኪናው ድምፅ እንቅልፍ ከነሳሽ ብቻ ለመንገዱ በኩል አስቢበት። ሥራውን ከጥቅምት በኋላ ግድግዳው ሲደርቅ አሠሪው።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ብረት መስኮት በየጎኑ ስለሚያስተነፍስ የከሰል ጭስ መውጫ ነበረው። አዲሱ ጥርቅም ይላል። እናትሽ ሳሎን ውስጥ በከሰል ቡና የሚያፈሉ ከሆነ ምድጃው ሳይወጣ አንዱም መስኮት እንዳይዘጋ፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል።