ላብራዶሩ፣ የባሌ እህትና አባቴ

ሰላም ለእርሶ ይሁን እትዬ፣

አምድዎን ሁሌ አነባለሁ፣ አሁን ግን ትግስቴ አልቆ ነው የምጽፈው። ከደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት።

ነገሩ ስለ ውሻ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ አምና ላብራዶር ቡችላ ይዞልን መጣ፣ ሁለት ወር የሞላው፣ መልኩ ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ቡላ አልነው። ልጆቼ ሞቱለት። እኔ ውሻ ብዙም የምወድ ሰው አልነበርኩም ግን ይሄ ሌላ ነው እትዬ፣ ሰው ሲያይ ጅራቱ ብቻ ሳይሆን ወገቡ ሁሉ ነው የሚወዛወዘው፣ ናከሰ የሚባል ነገር የለም። የእብድ ውሻ ክትባቱን እዚሁ አስከትቤዋለሁ፣ የቡችላነቱንም ክትባት፣ ፓርቮ ምናምን የሚሉትን፣ ወንድሜ አፈላልጎ ልኮልኝ ሀኪሙ ወግቶታል። ማታ ኮሪደር ላይ ነው የሚተኛው፣ ሳሎን አይገባም።

የባሌ ታላቅ እህት ግን ልታኖረኝ አልቻለችም። በየቀኑ ትመጣለች፣ በየቀኑ ያው ነው። ውሻ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ፣ ጠበል የሚረጭበት ቤት፣ የከተማ ሰው መሆን አማረሽ ወይ፣ ወንድሜን አረከስሽው። ቡና ጠርቻት ሲኒውን ሳትነካ ተነስታ ሄዳለች። የንስሐ አባታችን ጋር ሄዳ ከሰሰችኝ፣ እሳቸው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ጠብቁት ከማለት በቀር ምንም አላሉኝም፣ እሷ ግን እንዳወገዙኝ አድርጋ ሰፈሩን ሞላችው። ባሌ ዝም ነው። ዝም ሲል ከርሞ አንድ ቀን ሰንሰለት ገዝቶ መጣና ጓሮ አሰረው፣ ቡላ ሲያለቅስ አደረ፣ ሲነጋ ደግሞ ጎረቤት መጥቶ እኔን ነው የሚወቅሰው።

እውነት ለመናገር ቡላም አያግዘኝም። የምንበላውን ነው የምሰጠው፣ እንጀራ በወጥ፣ አይጠግብም። ሊጥ ይሰርቃል። ለሚካኤል ዝክር የጋገርኩትን ዳቦ ከመሶቡ ጎትቶ ግማሹን በላው፣ እሷም ልክ በዛ ሰዓት ደረሰች፣ የሆነውን እርሶ ይገምቱት። በፋሲካም በጉን ስናርድ ጉበቱ ውሃ ቋጥሮ ስለነበር ለሰው አይሆንም ብለን ለቡላ ጣልንለት፣ እሱንም ለውሻ ጉበት ይጣላል ብላ ለዘመድ ሁሉ አወራችው። እኔ የማይገባኝ የማንን ቤት ነው የምታስተዳድረው?

ሌላው አባቴ ናቸው። ድጓ አዋቂ ናቸው፣ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ ትራኮማ ነው፣ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኑን ፈገፈገው፣ ኦፕሬሽኑንም ዘግይተው ነው ያደረጉት። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ጋር ናቸው። ጠዋት ኪዳን፣ በጾም ደግሞ ቅዳሴ እስኪወጣ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚውሉት። የሚመራቸው የእህቴ ልጅ ነው፣ እህቴ ከገጠር ለትምህርት ብላ የላከችው፣ 12 ዓመቱ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ዘንድሮ ትምህርቱን ትንሽ አቋርጧል። እና ወንድሜ ምን አለኝ፣ ላብራዶር እኮ በውጭ አገር ዓይነ ስውር የሚመራ ውሻ ነው፣ ቡላን አሰልጥኑትና አባባን ይምራ፣ ያኔ ማንም አፉን አይከፍትም። ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ፣ እውነት ነው። ለአባቴ ሳነሳላቸው ዝም አሉ። እትዬ፣ ቡላን ለአባቴ መሪ ላድርገው? ነውር ይሆንብኛል? ወይስ ለሰው ሰጥቼው ልገላገል?

የተጨነቀችው፣ ከደብረ ማርቆስ

*

እህትዓለም፣

የባልሽን እህት ወደ ጎን አድርጊያትና አንድ መስመር መልሰሽ አንብቢልኝ። “ዘንድሮ ትምህርቱን ትንሽ አቋርጧል” ብለሻል። የውሻውን ክትባት በስሙ ጠርተሽ፣ ማን እንደላከውና ማን እንደወጋው ሳይቀር ዘርዝረሽ ነግረሽኛል። ልጁን ግን በአንድ መስመር አለፍሽው፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ እንኳ አልጻፍሽም። እህትሽ ከገጠር ልጇን አንቺ ጋር የላከችው እንዲማር ነው፣ ያንቺው ቃል ነው። በኛ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ስንት ልጅ ከትምህርት ገበታ ተነጥሎ እንደቀረ አንቺ አጥተሽው አይደለም፣ የዚህ ልጅ ግን በገዛ ዘመዶቹ ነው የተዘጋበት። ኪዳን ብቻ ቢሆን ኖሮ አድርሷቸው ለትምህርት ይደርስ ነበር። ጾም ሲገባ ግን ቅዳሴው እኩለ ቀን ላይ ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው የሚወጣው፣ ማኅሌት ያለ ቀን ደግሞ ሌሊቱም አለ፣ ልጁ አባትሽን ይዞ ቅጥሩ ውስጥ ሲጠብቅ የሚውልበትን ቀን ደምሪውና “ትንሽ” የምትይው ምን ያህል እንደሆነ ራስሽ ታይዋለሽ። ይሄን ስጽፍ እየተቆጣሁ ነው የምጽፈው፣ አልደብቅሽም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አይሆንም፣ ቡላ አባትሽን አይመራም። በነውር አይደለም፣ ውሻ ለዓይነ ስውር መሪ መሆኑ የማከብረው ስራ ነው። የመጀመሪያው የመሪ ውሾች ትምህርት ቤት ጀርመን ኦልደንበርግ ውስጥ በ1916 እ.ኤ.አ. ሲከፈት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ተብሎ ነው፣ ያኔ ጀርመን ሼፐርድ ነበር የሚያሰለጥኑት፣ ዛሬ ብዙ ቦታ ላብራዶር ተመራጭ ሆኗል፣ ገራም ስለሆነ፣ ሰው ስለሚወድ፣ ለምግብ ብሎ ቶሎ ስለሚማር። ወንድምሽ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ዩቲዩቡ የማያሳይሽ ግን ከኋላ ያለውን ነው። ቡችላው ገና በእናቱ ስር እያለ፣ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ድምጽ ሰው ወለል ደረጃ እያሳዩ ነው የሚያስጀምሩት፣ ምክንያቱም እስከ ሦስት ወሩ ገደማ ያላየውን ነገር ኋላ ሊፈራው ይችላል። ስምንት ሳምንት አካባቢ ሲሞላው ፈቃደኛ ቤተሰብ ወስዶ ዓመት ወይ ከዚያ በላይ ያሳድገዋል፣ ገበያ አውቶቡስ ምግብ ቤት ይዞት እየገባ፣ መሬት የወደቀ እንዳያነሳ፣ ሰው ላይ እንዳይዘል እያስተማረ። ከዚያ ለባለሙያ ተመልሶ ለወራት ይሰለጥናል፣ ዳሌውና ዓይኑ ይመረመራል፣ መጨረሻ ላይ ከሚመራው ሰው ጋር ለሳምንታት አብረው ይለማመዳሉ። ይሄ ሁሉ ተደርጎም ብዙዎቹ አያልፉም፣ አንዱ ድመት ሲያይ ይፈተናል፣ አንዱ ጫጫታ ይፈራል፣ እነሱም የቤተሰብ ውሻ ሆነው ደስ ብሏቸው ይኖራሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ደግሞ እምቢ ማለት ነው። ባለቤቱ ሂድ ሲለው መኪና እየመጣ ከሆነ ውሻው ትእዛዙን ጥሶ መቆም አለበት። እስቲ ቡላን አስቢው፣ ዳቦ አይቶ መቆም ያልቻለውን፣ ባጃጁ፣ ክዳን የሌለው ቦይ፣ ከየመንደሩ የሚወጣው የሰፈር ውሻ ባለበት አባትሽን አስይዘሽው ልትልኪ ነው? አይሆንም። ደግሞ ቢሰለጥን እንኳ የት ነው የሚያደርሳቸው? የአባትሽ መንገድ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ውሻ ከቅጥሩ በር አያልፍም፣ እሳቸውም አያስገቡትም፣ እኔም አስገቢ አልልሽም። በሩ ላይ ሲደርሱ መሪ አልባ ሆነው ሊቆሙ ነው ማለት ነው።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ስለ መሪ ውሻ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ መንገዱን የሚያውቀው ሰውየው ነው፣ ውሻው እንቅፋቱን ብቻ ነው የሚጠብቅለት። አባትሽ ድጓን ያህል ነገር በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸው፣ ከቤትሽ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን መንገድ መያዝ እንዴት ያቅታቸዋል? የሚያስፈልጋቸው ነጭ በትርና አጠቃቀሙን የሚያሳያቸው ሰው ነው። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር የሚባል አለ፣ ከዚያም ከተማችሁ ያለውን የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮም ጠይቂ። አስፋልት ለሚሻገሩበት ቦታ ደግሞ የሰው ክንድ አይጠፋም፣ ጎጃም ነው ያለሽው እኮ፣ የአብነት ተማሪ በሞላበት አገር አንድ ድጓ የሚያውቁ አባት በር ላይ ጠብቆ የሚያደርስና የሚመልስ ጎልማሳ ተማሪ፣ በምላሹ ከሳቸው ዜማ የሚቀጽል፣ ይጠፋል ብዬ አላምንም። አለቃውን አነጋግሪ። ክብራቸው ነው፣ መምህር ያደርጋቸዋል እንጂ ሸክም አያደርጋቸውም። ውሻውን ስታነሺላቸው ዝም ያሉሽም ስላልጠየቅሻቸው ይመስለኛል፣ ነግረሻቸዋል እንጂ አልጠየቅሻቸውም። ዛሬ ማታ አጠገባቸው ቁጭ በይና አባባ በምን መሄድ ይሻሎታል በያቸው፣ ልጁ ትምህርት እንዳቆመም ንገሪያቸው፣ ምናልባት አያውቁ ይሆናል።

ቡላን ግን ለማንም አትስጪው። መሪ መሆን አቃተው ማለት ከንቱ ነው ማለት አይደለም፣ ልጆችሽ ያሳደጉት፣ ናክሶ የማያውቅ ውሻ ነው፣ ቤተሰብ ሊያስፈልገው የሚችለው ውሻ እሱ ነው። ሰንሰለቱን አውጡለት። ላብራዶር ብቻውን ታስሮ የሚኖር ዘር አይደለም፣ ሰው አጠገብ ካልሆነ ይታመማል፣ ያለቅሳል፣ ይቆፍራል። የጓሮውን አጥር አጥብቁለት፣ መጠለያ ስሩለት፣ ጠዋትና ማታ በገመድ ይዛችሁ አስኪዱት። ዓመት የሚሞላው ላብራዶር ጎረምሳ ነው፣ ጉልበቱን ካላወጣ መሶብሽን ነው የሚያወጣው።

መስረቁ ደግሞ ግማሹ ዘሩ ነው። ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ከአራት ላብራዶር አንዱ ገደማ ፒኦኤምሲ የሚባለው ዘረመሉ ላይ ጉድለት አለበት፣ ለምግብ እንዲጓጓ የሚያደርገው፣ ለስራ በሚመረጡት ላብራዶሮች ላይ ደግሞ ጉድለቱ ጎልቶ ነው የተገኘው። ስለዚህ ልመናውን አትመኚ፣ ምግቡን በልክና በሰዓት ስጪው። ወንድ ላብራዶር ሲያድግ ከ29 እስከ 36 ኪሎ ነው የሚመዝነው፣ ከዚያ ካለፈ ዳሌውንና ጉልበቱን ነው የምትጎጂው። ከምግቡም ትንሽ ቀንሰሽ ለልጆቹ ስጪያቸው፣ ተቀመጥ ሲሉት ሲቀመጥ፣ ተው ሲሉት ሲተው እየቆነጠሩ ያጉርሱት፣ ዓመት ሞላው ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ፣ ይማራል።

ወጡን ግን አቁሚ፣ ዛሬውኑ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ተጠራቅሞ ቀይ የደም ሴሉን ያፈርሰዋል፣ የኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት የሌለበት የለም። ሩዝ ወይ እንጀራ በተቀቀለ ስጋ፣ ሽንኩርት ከመግባቱ በፊት የተነሳ፣ ይበቃዋል። ሊጡንም ከፍ አድርገሽ ክደኚው፣ የቦካ ሊጥ ሆዱ ውስጥ ሲነፋ ሊገድለው ይችላል። የተቀቀለ አጥንትም አትስጪው፣ ተሰነጣጥሮ አንጀቱን ይወጋዋል።

ስለ ጉበቱ ልቆጣሽ ነው። ያ ውሃ የቋጠረ ነገር በብዛት የትል እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ልጆችሽ ዳብሰውት እጃቸውን ሳይታጠቡ ሲበሉ ያው ከረጢት የነሱ ጉበትና ሳንባ ላይ ያድጋል፣ ለዓመታት ሳይታወቅ። የባልሽ እህት ጮሃ የነገረችሽ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም ጉበቱ ለውሻ አይጣልም ማለቷ ልክ ነበር፣ ስለ ዝክሩ ዳቦም እውነቷን ነው፣ ይቅርታ ጠይቂያት፣ በቀረው ግን ቤቱ ያንቺ ነው፣ ይሄንንም ባልሽ ራሱ በአፉ ይንገራት፣ ዝምታው በዝቷል። ቡላን እንስሳት ሀኪም ጋር ውሰጂውና ፕራዚኳንቴል ይሰጠው ብለሽ በስሙ ጠይቂ፣ ሌላው የትል መድኃኒት አብዛኛው ለዚህኛው ትል አይሰራም። ከእንግዲህ በዓል ሲሆን እንዲህ ያለውን የሆድ ዕቃ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ የእብድ ውሻውንም ክትባት በየዓመቱ አሳድሺ።

ሰኞ ጠዋት ግን ከሀኪሙም ከአለቃውም በፊት ልጁን ይዘሽ ትምህርት ቤት ሂጂ። ዳይሬክተሩን ለምኚ፣ ያመለጠውን እንዴት እንደሚያካክስ ጠይቂ፣ አባትሽን ሌላ ሰው እስኪገኝ አንቺና ባልሽ በተራ አድርሷቸው። ለእህትሽም ደውለሽ እውነቱን ንገሪያት፣ ልጇ ነው። ስንተኛ ክፍል እንደመለሱት ጽፈሽ አሳውቂኝ።