አማካይ ሲለወጥ፦ መምህሩን ጠይቁ

መምህሩ፦ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የምመልሰው ጊዜ ሲያልፍ፣ ሰው ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ስለሚለወጥ አማካይ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። አማካይ ከአማካይ ጋር አይደመርም። መጀመሪያ አማካዩን በብዛቱ አባዙና ጠቅላላውን አውጡ። ሥራው ከዚያ ነው የሚጀምረው።

የ2ኛ ዓመት ተማሪ፦ መምህር፣ 60 ክሬዲት ጨርሼ ኩሙሌቲቭ ጂፒኤዬ 2.60 ነው። 3.00 መድረስ እችላለሁ?

መምህሩ፦ ይህን ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ጂፒኤ አማካይ ነው፤ ከጀርባው የተጠራቀመ ነጥብ አለ። 2.60 በ60 ሲባዛ 156 ነጥብ ይዘሃል ማለት ነው። 30 ክሬዲት ቀርቶህ ከሆነ በ90 ክሬዲት 3.00 ለማግኘት 270 ነጥብ ያስፈልግሃል። የጎደለህ 114 ነው። ለ30 ስታካፍለው 3.80 ይመጣል። ሁሉንም ኤ ማይነስ ብታመጣ እንኳ 3.75 ነው፤ አይደርስልህም። 60 ክሬዲት ከቀረህ ግን 3.40 ይበቃሃል። 15 ብቻ ከቀረህ 4.60 ያስፈልግሃል፤ ጣሪያው ደግሞ 4 ነው።

አንድ ልጅ የመጨረሻ ሴሚስተሩ ላይ ግሬድ ሪፖርቱን አራት ቦታ አጥፎ ይዞልኝ መጣ። «ሁሉንም ኤ ካመጣሁ 3 እገባለሁ አይደል?» አለኝ። ወረቀቱን ገልብጠን ጀርባው ላይ ሠራነው። ከ4 በላይ ወጣ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዝም አለ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ይህን አራት መስመር ስሌት ያሳየው ሰው አልነበረም። እባካችሁ የእናንተን ዛሬውኑ አስሉት።

ግራ የገባው፦ ወርድ ፕሮብሌም ምንም አይገባኝም፣ እርዱኝ።

መምህሩ፦ የትኛው ጥያቄ? ጻፈው።

እናት ከአዳማ፦ መምህር፣ የልጄ የቤት ሥራ እንዲህ ይላል፦ «የ39 ተማሪዎች አማካይ ውጤት 62 ነበር። አንድ ተማሪ ሲጨመር 63 ሆነ። አዲሱ ተማሪ ስንት አመጣ?» ልጄ 102 ነው ይላል። ፈተናው ግን ከ100 ነው። የቱ ጋ ተሳሳተ?

መምህሩ፦ ልጅዎ አልተሳሳተም፣ እሜቴ። 40 በ63 ሲባዛ 2520፣ 39 በ62 ሲባዛ 2418 ነው። ልዩነቱ 102። የተሳሳተው ጥያቄው ነው፤ ምናልባት ቁጥሮቹ ተጠጋግተው ይሆናል። 62.4 ሲጠጋጋ 62 ይሆናል፣ 62.6 ደግሞ 63። በእነዚህ ብንሠራው አዲሱ ልጅ ያመጣው 70.4 ነው። ተመልከቱ፣ ትንሽ ማጠጋጋት መልሱን ከ70 ወደ 102 ወሰደው። ብዛቱ 40 ስለሆነ እያንዳንዷ ነጥብ 40 ጊዜ ትባዛለች። መልሱን አይቶ «ይሄ እንዴት ይሆናል?» ብሎ መጠየቁን ግን ያበረታቱልኝ።

ኳስ ወዳጅ፦ የ11 ተጫዋቾች አማካይ ዕድሜ 25 ነው። የ31 ዓመቱ ወጥቶ ሌላ ሲገባ 24 ሆነ። የገባው ስንት ዓመቱ ነው?

መምህሩ፦ 20። ጠቅላላው በ11 ቀነሰ፣ 31 ሲቀነስ 11። ቀጥሉ።

ሹፌሩ፦ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን በ60 ሄጄ በ40 ብመለስ አማካይ ፍጥነቴ 50 ነው አይደል?

መምህሩ፦ አይደለም፤ አማካይ አይደመርም ብያለሁ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለስሌት እንዲመች 120 እንበለው። ሲሄዱ 2 ሰዓት፣ ሲመለሱ 3 ሰዓት። 240 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት፣ 48 ነው።

የአራት ኪሎው፦ እኔ አልስማማም። የ60 እና የ40 መሀል 50 ነው። አለቀ።

ሐና፦ እኩል ሰዓት ቢነዳ ልክ ነህ። እሱ ግን የነዳው እኩል ርቀት ነው። በ40 ረጅም ሰዓት ስለቆየ አማካዩ ወደ 40 ተሳበ።

የአራት ኪሎው፦ በዚያ መንገድ ደግሞ ሸኖ ላይ ቅቤ ሳይገዛ የሚያልፍ የለም። እሱስ ይቆጠራል?

ሹፌሩ፦ ሸኖ ለጋ አሁን ኪሎው ስንት ገባ?

ሐና፦ ለበዓል ሰሞን ከሆነ አይጠየቅም።

መምህሩ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። የቆሙበት ሰዓትም ይቆጠራል። ሸኖ ላይ 1 ሰዓት ከቆሙ 240 ለ6፣ 40 ይሆናል።

ሯጩ፦ እኛ ግን ሁለቱን ግማሾች ደምረን ለ2 እናካፍላለን፣ ልክም ይመጣል። ለምን?

መምህሩ፦ ጎበዝ! እናንተ የምትለኩት ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳይሆን ደቂቃ በኪሎ ሜትር ነው። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 የሴቶች ማራቶን ክብረ ወሰን ስትሰብር የመጀመሪያውን ግማሽ በ66:20፣ ሁለተኛውን በ65:33 ሮጠች። በኪሎ ሜትር ሲሰላ መጀመሪያ 3:08.6፣ ቀጥሎ 3:06.4 ገደማ ነው። መሀሉ 3:07.5፤ የመላው ውድድር አማካይም ያው ነው። ምክንያቱም የምናካፍለው ለኪሎ ሜትር ነው፤ የሁለቱም ግማሽ ኪሎ ሜትር ደግሞ እኩል ነው። የሹፌሩንም በዚህ ሞክሩት። በ60 መንዳት በኪሎ ሜትር 1 ደቂቃ ነው፣ በ40 ደግሞ 1.5። መሀሉ 1.25 ደቂቃ። ወደ ሰዓት ስትመልሱት 48።

የአራት ኪሎው፦ እሺ፣ አሁን ገባኝ።

ቤቲ፦ የሁለት ሴክሽን አማካይ 60 እና 70 ከሆነ የጋራው 65 ነው?

መምህሩ፦ ለሦስተኛ ጊዜ ልበለው፣ አማካይ አይደመርም! በየሴክሽኑ ስንት ተማሪ አለ? 50 እና 30 ከሆነ 63.75 ነው። እባካችሁ ከላይ ያለውን አንብቡና ጠይቁ።

ግራ የገባው፦ መምህር፣ ጥያቄዬን አመጣሁት። «ከ4 ዓመት በፊት የ6 ሰዎች ቤተሰብ አማካይ ዕድሜ 20 ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ልጅ ተወልዶ አሁን የ7ቱ አማካይ 21 ነው። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» ጊዜውም ሰውም ሲለወጥ ይጠፋብኛል።

መምህሩ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቅ! ደብተርህ ላይ መሀል ለመሀል መስመር አስምር። በግራ «ያኔ»፣ በቀኝ «አሁን» በል። ከሁለቱም ሥር ብዛት፣ አማካይ፣ ጠቅላላ ጻፍ። ያኔ የነበሩት ስድስቱም እያንዳንዳቸው 4 ዓመት ጨምረዋል፤ ልጁ ግን ያኔ አልነበረም። የቀረውን አንተ ጨርሰው።

ግራ የገባው፦ ያኔ 120። ስድስቱ 24 ጨምረው 144። አሁን 7 በ21፣ 147። ልጁ 3 ዓመቱ ነው?

መምህሩ፦ 3 ዓመቱ ነው።