የባዮዲዝል ግሊሰሮል ፖሊመር ይሆናል? አዎ፣ ግን መጀመሪያ ይጽዳ

ጥያቄያችሁ ይህ ነበር፦ ባዮዲዝል (ከዘይት የሚሠራ ነዳጅ) ታመርታላችሁ፣ ከታች የሚቀረው ጥቁር ግሊሰሮል በየበርሜሉ ተከማችቶባችኋል፣ ወደ ፖሊመር (ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሚሠሩት፣ እንደ ፕላስቲክ ያለ ነገር) ለመቀየር ከየት ይጀመር?

በዚህ ነገር ላይ ስሠራ ስለቆየሁ ያየሁትን ላካፍላችሁ። 100 ኪሎ ባዮዲዝል ሲመረት 10 ኪሎ ገደማ ግሊሰሮል ይወጣል። ስለዚህ በርሜሉ ቶሎ ቢሞላ አይገርምም።

በርሜሉ ውስጥ ያለው ግን ንጹህ ግሊሰሮል አይደለም። ሜታኖል (ባዮዲዝሉን ለመሥራት የገባው አልኮል)፣ ሳሙና፣ ውሃና የካታሊስት (ሥራውን የሚያፋጥነው ኬሚካል) ትራፊ አብረውት አሉ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ግሊሰሮልን ባለ ሦስት እጅ አድርጋችሁ አስቡት። በሦስቱም በኩል ስለሚያያዝ ጠንካራ መረብ ይሠራል። ሜታኖልና ከሳሙናው የሚወጣው ፋቲ አሲድ (የዘይት አሲድ) ግን ባለ አንድ እጅ ናቸው። አንዱን ጫፍ ይይዙና ሰንሰለቱን እዚያው ያስቆሙታል። የካታሊስቱ ትራፊ ደግሞ ፖሊመሩን ለመሥራት የምትጨምሩትን አሲድ ወደ ጨው ይለውጠዋል። ውጤቱ የማይጠነክር፣ የሚያጣብቅ ነገር ይሆናል። ብዙ ሰው ቀመሩን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጽዳቱ ነው።

መጀመሪያ ሜታኖሉን አውጡ። 65 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ እንፋሎቱ መርዛማና ተቀጣጣይ ስለሆነ በዝግ ዕቃ አቀዝቅዛችሁ ሰብስቡት። መልሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ቀጥሎ ፎስፎሪክ አሲድ ቀስ እያላችሁ ጨምሩና አሳርፉት። ሳሙናው ፈርሶ ፋቲ አሲዱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ጨው ታች ይዘቅጣል፣ ግሊሰሮሉ መሐል ይቀራል። ግሊሰሮሉን ራሱን ክፍት ዕቃ ላይ ለማፍላት ግን እንዳትሞክሩ! 290 ዲግሪ ሳይደርስ መፍረስ ይጀምርና አክሮሊን የሚባል ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ይወጣዋል።

ለጀማሪ የምመክረው ከሲትሪክ አሲድ (የሎሚ አሲድ) ጋር የሚሠራውን ፖሊኤስተር የሚባል ፖሊመር ነው። ለ92 ግራም ግሊሰሮል 192 ግራም ውሃ አልባ ሲትሪክ አሲድ አድርጉ። 130 ዲግሪ አካባቢ እያማሰላችሁ አሙቁት። ውሃው እየወጣ ይወፍራል። በማማሰያው ስታነሱት እንደ ክር ሲሳብ ወዲያው ቅርጽ ማውጫው ላይ አፍስሱና ምድጃ ውስጥ አቆዩት። ከዚህ በኋላ አትዘናጉ፣ ድንገት ይረጋል። አንዴ ከረጋ ቢሞቅም አይቀልጥም፣ ከነዕቃው ይቀራል። ለእንጨት ፍቅፋቂ ማጣበቂያ ይሆናል። ውሃ ቀስ በቀስ ስለሚያፈርሰው ግን ውሃ ለሚነካው ነገር አልመክረውም።

ከግሊሰሮሉ ፖሊዩረቴን ፎምም (እንደ ስፖንጅ ያለ ፖሊመር) ይሠራል፣ እሱን ግን ለኋላ አቆዩት። ለፎሙ የሚጨመረው አይሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል ለሳንባ አደገኛ ነው። ግሊሰሮሉ ውስጥ የቀረ ውሃም ከእሱ ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየፈጠረ ፎሙን ያዛባዋል። ወደ ኢፖክሲ (ጠንካራ ሙጫ) ወይም በባክቴሪያ ወደ ፕሮፔንዳዮል (ሌላ የፖሊመር ጥሬ ዕቃ) መቀየር የትልልቅ ፋብሪካዎች ሥራ ነው።

የምትጠቀሙት ዘይት አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ? ካታሊስቱስ የሶዲየም ነው የፖታሲየም? የፖታሲየም ከሆነ የሚዘቅጠው ጨው ለማዳበሪያ ስለሚሆን እንዳትጥሉት። ይህን ጻፉልኝና የፎስፎሪክ አሲዱን መጠን አብረን እናስላ።