ሙዚቃው ንግግሩን ከዋጠው ጥፋቱ የማን ነው?

የ«ኢንተርስቴላር» ፊልም ሙዚቃ ንግግሩን ስለሚውጥ ደካማ ነው ወይ ብለው ጠይቀዋል። እኔ ሁለቱን ነገሮች እለያቸዋለሁ። ሙዚቃው ምን ያህል ይጩኽ የሚለው የድምፅ ቅንብር ውሳኔ ነው፤ ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላንም ሆን ብሎ እንዳደረገው ተናግሯል። የሙዚቃው ደራሲ የሃንስ ዚመር ድርሰት የሚመዘነው በሌላ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው በዚህ ፊልም፣ ከሕዋ ታሪክ ከሚጠበቀው የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ ይልቅ በለንደን ቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ያለውን ባለ ቧንቧ ኦርጋን አስቀድሟል። እንዲህ ያለ ኦርጋን ደግሞ በቧንቧዎቹ የሚያልፍ አየር ከሌለ አይዘፍንም፤ አየር በሌለበት ሕዋ እንደ ሰው ሲተነፍስ መስማት እስካሁን ያስደነግጠኛል! ውሃ በሸፈናት ፕላኔት ላይ የሚሰማው የሰዓት ምትም ጊዜ እያለቀ መሆኑን ያለ አንድ ቃል ይናገራል። አንዳንድ ቦታ መደጋገሙ ያሰለቻል፣ አልክድም። እስቲ ያንን የውሃ ፕላኔት ትዕይንት አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍተው ይዩት።