ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ፓራሲታሞል ብቻ ሰጥተው ሸኙን»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የ7 ዓመት ልጄ ጉሮሮውን አሞት ሌሊቱን ሲያተኩሰው አደረ። ጤና ጣቢያ ብወስደው «ቫይረስ ነው» ብለው ፓራሲታሞል ብቻ ሰጥተው ሸኙን። አምና እንዲህ ሲያመው አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ገዝቼለት በ3 ቀን ድኖ ነበር። ከሱ የተረፈ ጠርሙሱ ውስጥ አለ፤ ልስጠው? ጎረቤቴ ደግሞ «እንጥሉን አስቆርጪው» ትለኛለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ሽሮፑን አይስጡት። ዱቄቱ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየው ቢበዛ 2 ሳምንት ነው። የአምናው መድኃኒትነቱ ካበቃ ቆይቷል።

ዛሬ የተገዛ ቢሆንም ቫይረስን አይነካም። ባክቴሪያ ራሱን የቻለ ፍጥረት ነው፤ ዙሪያውን ግድግዳ አለው፣ ራሱ በልቶ ራሱ ይባዛል። አሞክሳሲሊን ያን ግድግዳ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ቫይረስ ግን ደባል ነው። ጎጆም ምድጃም የለውም፤ የእኛ ሴል ውስጥ ገብቶ በእኛው ምድጃ ይጋግራል። ግድግዳ ከሌለው አሞክሳሲሊን ምኑን ያፈርሳል?

«ታዲያ አምና እንዴት ዳነ?» ይሉኝ ይሆናል። በቫይረስ የመጣ የጉሮሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ በራሱ ይለቃል። የልጅዎ ገላ ሠርቶ፣ ምስጋናውን ሽሮፑ ወስዶ ይሆናል።

ከ10 ሕፃናት የ7ቱ ገደማ የጉሮሮ ሕመም ቫይረስ ነው። የቀረውን ግን አደራ፣ ቀላል አድርገው አይዩት። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ይይዝና ሳይታከም ከቀረ፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ መገጣጠሚያን ያሳብጣል፤ የልብን በሮችም ሊጎዳ ይችላል። ጎንደር ውስጥ ደረጃ መውጣት ያቃታቸው ወጣቶች ወደ እኔ ሲመጡ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ የጀመረው በልጅነት በታመመ ጉሮሮ ነው።

ልጁን መስኮት አጠገብ ያቁሙት። በማንኪያ እጀታ ምላሱን ጫን አድርገው በስልክዎ መብራት ይዩ። ሳልና ንፍጥ ካለው፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ዓይኑ ከቀላ ወደ ቫይረስ ያደላል። ሳል ሳይኖረው ትኩሳቱ በድንገት ከወጣ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል ካለ፣ ከመንጋጋው ሥር ያለው ንፍፊት ሲነኩት ካመመው ባክቴሪያ ይጠረጠራል። ነጩ ነገር ብቻውን አይፈርድም፤ ቫይረስም ያመጣዋል። ንፍጡ ቢጫ መሆኑማ ምንም አይነግርዎትም። የመጨረሻውን ፍርድ ለመረመረው ባለሙያ ይተዉት።

ባክቴሪያ ከሆነ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ፣ ወይም አሞክሳሲሊን 10 ቀን ሙሉ። ብዙ እናቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ልጁ በ3ኛው ቀን ኳስ ይዞ ሲወጣ መድኃኒቱ ይቆማል፣ ጠርሙሱም ለከርሞ ይቀመጣል። ያልሞቱት ባክቴሪያዎች ግን ጉሮሮው ውስጥ ናቸው። ሕክምናው ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ልብን ይከላከላል፤ ስለዚህ አንድ ሁለት ቀን አይቶ መመለስ አይጎዳም።

እንጥሉን ተዉት። የእኔንም በልጅነቴ ቆርጠውታል፤ ጉሮሮዬ ግን ከመታመም አልቦዘነም። ትርፉ መድማት ነው፤ በምላጩ ደግሞ ቴታነስና ኤችአይቪ ሊገባ ይችላል።

ለአሁኑ ፓራሲታሞሉን በኪሎው ልክ እንደታዘዘው ይስጡት። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ሻይ በማር ጥሩ ነው። ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ከትንፋሹ ጋር ከታገለ፣ አፉን መክፈት ካልቻለ ወይም ከፈዘዘ ሌሊትም ቢሆን ይውሰዱት። ሰሞኑን መተማ ወይም ደምቢያ ከርሞ ከነበረ ደሙ ለወባ ይታይ፤ ወባ ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለችም።

ትኩሳቱ 3 ቀን ካለፈው ወደዚያው ጤና ጣቢያ ይመልሱት። «ቫይረስ ነው» ያሉዎት ሰው መርምረው ነው የሸኙዎት፤ ሲመለሱ መርፌ ቢያዙ እሺ ይበሉ።